እርዳታው ሲቆም ወረዳው ላይ ማን ይቀራል?

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ክክ፣ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት። በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ እርዳታ ሙሉ ራሽን የሚባለው ይኸው ነው። ስንዴው በ50 ኪሎ ጆንያ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ ለየአንዳንዱ አይታደልም፤ አሥር ሰው ሦስት ጆንያ ይቀበልና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በጣሳ ይካፈላል። የእደላ ቀን ያየ ሰው ያውቀዋል። ጆንያው ሲፈታ መሬት ላይ የፈሰሰችውን ፍሬ ሴቶች ከአፈሩ እየለዩ ይለቅሟትና በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሯታል።

ከ15 ኪሎው ላይ ደግሞ የሚነሳ አለ። ንፍሮ ብቻ እየበሉ ወር አይዘለቅም፤ ስንዴው መፈጨት አለበት፣ ወፍጮ ቤት ብር ይጠይቃል፣ ብር የሌለው ሁለት ሦስት ኪሎ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ጨውና ሳሙናው፣ የታመመው ልጅ መድኃኒትም ከዚያችው ስንዴ ነው የሚወጣው። ስሙ ከዝርዝሩ የቀረ ጎረቤትም አለ። የእሱ ቤት ጭስ ሳይታይበት የራስን ምድጃ አንድዶ መብላት ነውር ነውና ለእሱም ይቆነጠርለታል። ቤት የሚገባው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ያንሳል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) በመላው ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ ማቆሙን አስታወቀ። በማግስቱ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ተከተለው። ምክንያቱ፣ እህሉ ለታሰበለት ሰው እየደረሰ አይደለም የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ፣ መንግሥታቸው ባልጸና አገሮች እርዳታ ለምን እንደሚሰናከል የሚያሳየው ብዙ ነገር አለ። ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም፤ እኛው ቤት ደርሷል።

ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። የትግራይን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ ወራት በኋላ፣ በትግራይ ሽራሮ ከተማ ከአንድ መጋዘን 100,000 ሰው የሚመግብ እህል ጠፍቶ ተገኘ። በሚያዝያ እርዳታው ለትግራይ ክልል ቆመ። በሰኔ ወር የክልሉ አጣሪዎች ከ7,000 ቶን በላይ ስንዴና 215,000 ሊትር ዘይት መሰረቁን አስታውቀው የክልሉን፣ የፌዴራሉንና የኤርትራን ወገኖች ተጠያቂ አደረጉ። ዩኤስኤአይዲ ደግሞ ዝርፊያው ከአንድ ክልል ያለፈ፣ ሰፊና የተቀናጀ ነው አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዲት እናት ለወፍጮ ስትል ገበያ ያወጣችው ሁለት ኪሎ ስንዴና በሌሊት በከባድ መኪና ከመጋዘን የወጣው ጭነት፣ በተቆጣጣሪው ሪፖርት ላይ በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም «ከታለመለት ውጭ የዋለ እርዳታ» ናቸው። የመጀመሪያው ራሽኑ ለኑሮ እንደማይበቃ የሚናገር ምስክር ነው። ሁለተኛው ወንጀል ነው። የእርዳታ ጆንያ ገበያ ላይ መታየቱ ብቻውን ሌባ መኖሩን አያረጋግጥም፤ መጋዘን ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን ቁልፍ የያዘ ሰው አለ ማለት ነው። ቁልፍ የያዘውን ፈልጎ መያዝ ሲገባ፣ የተወሰነው ለሁሉም ማቆም ሆነ።

በዚያ ዓመት በአገሪቱ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። እገዳው ወደ 900,000 የሚጠጉ ስደተኞችንም ነካ፤ እነዚህ ደግሞ ከመጠለያ ጣቢያ ወጥተው የሚያርሱት መሬት የላቸውም። መንግሥት ውሳኔውን ሚሊዮኖችን የሚቀጣ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ነገር ግን መዋቅሩ ራሱ በዝርፊያው ስለተጠረጠረ ቃሉ ብዙ ሰሚ አላገኘም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር በአገር ደረጃ ሲፈጸም ያየነው ያኔ ነው። ለስደተኞቹ እርዳታው የቀጠለው በመስከረም 2016 መጨረሻ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ እንደሚቀጥል የተነገረው ደግሞ በኅዳር ነው። በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባወጣው መግለጫ በስድስት ወር ውስጥ በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ድርቁም የጦርነቱ ጠባሳም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ድርቁ ሲመጣ እህሉ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

እርዳታው ሲመለስ አሠራሩ ተለወጠ። ተረጂዎች በዲጂታል ተመዘገቡ፣ ጆንያ ላይ መከታተያ ምልክት ተደረገ፣ የመንግሥት መዋቅርም ከማጓጓዝ፣ ከማከማቸትና ከማደል እንዲወጣ ተደረገ። ለጊዜው ትክክል ይመስላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኸው የመጨረሻው ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ጥቂት ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

በ1995 ዓ.ም. በአገራችን ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሃብ ተጋልጦ ነበር። እስከዚያ ድረስ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ዝናብ ይቀራል፣ ግምገማ ይካሄዳል፣ መንግሥት ጥሪ ያቀርባል፣ ለጋሾች ይመክራሉ፣ መርከብ ይጫናል። እህሉ ጅቡቲ ደርሶ ወረዳ ሲገባ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ጥሩ ቢሆንም የሚያርስበት የለውም፤ ስለዚህ እንደገና ይራባል። ያው ወረዳ፣ ያው ቤተሰብ፣ በየዓመቱ «አስቸኳይ» እየተባለ ይመገባል። መጪነቱ ከዓመት በፊት የታወቀን ነገር አስቸኳይ ማለት እንደማይቻል የገባቸው ሰዎች ከመንግሥትም ከለጋሾችም ወገን ነበሩ።

ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም በ1997 የተጀመረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ያቀፈ ሲሆን በኋላ ወደ 8 ሚሊዮን አድጓል። መሥራት የሚችለው የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የተራቆተ ተራራ ከልሎ ያስጠብቃል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። አቅም የሌለው አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ያለ ሥራ ይረዳል። ክፍያው በገንዘብ ወይም በእህል ነው። ይህን ገጠር የሚኖር አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙ ያልተወራለት ግን ከጀርባው ያለው ነው። ወደ አሥር የሚጠጉ ለጋሾች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፕሮጀክት ከመትከል ይልቅ አንድ መመሪያ ተቀብለው አብዛኛው ገንዘብ በመንግሥት መዋቅር በኩል ወረዳ እንዲደርስ ተስማሙ። የወረዳው ገንዘብ ያዥ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ኮሚቴ ሥራውን ያዙ። ያው ሰው በየዓመቱ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ሲሠራ ስህተቱን ያውቃል፣ ማን እንደተዘለለ ያውቃል፣ ማን በዘመድ እንደገባም ያውቃል። አቅም ግንባታ በሚል ስም ሆቴል ውስጥ የሚሰጠው የሦስት ቀን ሥልጠና ይህን አያስተምርም።

በ2003 ዓ.ም. ያ መዋቅር ተፈተነ። የአፍሪካን ቀንድ ክፉ ድርቅ መታው። ድርቁ ድንበር አላወቀም፤ የእኛን ሶማሌ ክልልና ቦረናን፣ የኬንያን ሰሜን፣ የሶማሊያን ደቡብ አንድ ላይ አደረቀ። በኢትዮጵያ ሴፍቲኔት ለክፉ ቀን ይዞት የነበረው የመጠባበቂያ ገንዘብ ተለቀቀ። 6.5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ነባር ተጠቃሚዎች የእርዳታው ጊዜ ተራዘመ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የነበሩ 3.1 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ለሦስት ወር ተጨመሩ። ይህ ሊሆን የቻለው ዝርዝሩም፣ ሠራተኛውም፣ የገንዘቡ መንገድም ቀድመው ስለነበሩ ነው።

በድንበሩ ማዶ፣ በሶማሊያ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2003 በባኮልና በታችኛው ሸበሌ ረሃብ መግባቱ ታወጀ። በኋላ የተደረገ ጥናት የሞተውን ሰው ወደ 260,000 አደረሰው፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። አዋጁ ሲነገር ግማሽ ያህሉ ሞተው ነበር። ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ደጋግሞ ተሰጥቷል። እንዳይደረስ ያደረገው ታጣቂው ቡድን አልሸባብ ነው ቢባል እውነት ነው፤ የእርዳታ ድርጅቶችን ያባረረ፣ ቀረጥ የጠየቀ፣ የተራበ ሰው ከአካባቢው እንዳይወጣ የከለከለ እሱ ነው። ግን ሌላም ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በታኅሣሥ 2002 ከደቡብ ሶማሊያ ወጥቷል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች፣ ከምግብ እርዳታው እስከ ግማሽ የሚደርሰው በኮንትራክተሮች፣ በታጣቂዎችና በአካባቢ አዳዮች እጅ ይቀራል የሚል ሪፖርት አወጡ። በአሜሪካ የፀረ ሽብር ሕግ ደግሞ እርዳታው አልሸባብ እጅ ቢገባ ድርጅቱ ራሱ ሊከሰስ ይችል ስለነበር ገንዘቡ በእጅጉ ቀነሰ። እህሉን ማን እንደሚበላው ሲጠየቅ ዓመት አለፈ፤ የሚበላው ሰው አለቀ።

ኢትዮጵያና ሶማሊያን ጎን ለጎን ሳቆም ሁሉንም በሴፍቲኔት ለማስረዳት አይደለም። እዚያ የ20 ዓመት ጦርነት ነበረ፣ እዚህ መንግሥት ነበረ። የምለው፣ የዝናቡ መቅረት ሁለቱንም እኩል ሲመታ ለውጥ ያመጣው ከድርቁ በፊት ወረዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እርዳታ ሰጪዎች ተሰባሪ በሚሏቸው አገሮች ውስጥ የሚጎድለውም እሱ ነው። የበለጸጉት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው ዝርዝር 60 አገሮችና አካባቢዎች በዚህ ስም ተመድበዋል፤ ኢትዮጵያም አለችበት።

ሴፍቲኔት በተጀመረበት ዓመት የተካሄደው ምርጫ 97 ሌላ ፈተና ይዞ መጣ። ከምርጫው በኋላ በአዲስ አበባ ሰው ተገደለ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ ይሰጡ የነበረውን ድጋፍ አቆሙ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ገንዘቡን ቢሰጡ ያሰረውን መንግሥት መደገፍ ነው፤ ቢያቆሙ የገጠሩ መምህር ደመወዝ ይቋረጣል። በ1998 የመጣው መፍትሔ ፒቢኤስ በሚል ስም የታወቀው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ነው። ገንዘቡ ለክልሎችና ለወረዳዎች እየተከፋፈለ የመምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ እንዲከፈልበት፣ ሒሳቡም በየጊዜው እንዲመረመር ሆነ። የወረዳው በጀት ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍም ተደረገ። ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት ተብሎ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የታየው በዚያ ዘመን ነው።

በእነዚያ ዓመታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች የሆኑ ሴቶች ናቸው። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ሥልጠናውና መድኃኒቱ ብዙ የውጭ ገንዘብ ነበረበት፤ እነሱ ግን የተቀጠሩት በወረዳው ፔሮል ነው። በየአምስት ዓመቱ ገደማ በሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2003 ይህ ቁጥር ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67 ወረደ። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ መንገዱ፣ የእናቶች ትምህርት፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ክትባቱን ይዛ በእግሯ ጎጥ ለጎጥ የሄደችው ግን እሷ ናት።

ይህን ካልኩ ሌላውንም ገጽ መግለጥ ግዴታዬ ነው። በ2003 ሂዩማን ራይትስ ዋች ባወጣው ሪፖርት ሴፍቲኔቱም ሌላውም እርዳታ የገዥውን ፓርቲ ደጋፊ ለመጥቀምና ተቃዋሚውን ለማግለል ውሏል ሲል ከሰሰ። በ2005 መጀመሪያ ከጋምቤላ የተሰደዱ የአኝዋክ ተወላጆች ለዓለም ባንክ የቁጥጥር ፓነል አቤት አሉ፤ አቤቱታቸው፣ ከቀያችን በግድ ያነሱን የወረዳ ሠራተኞች ደመወዛቸው በፒቢኤስ ገንዘብ የሚከፈል ነበር የሚል ነው። ብሪታኒያ በ2007 ለፒቢኤስ የምትሰጠውን ድጋፍ አቆመች። ገጠር የኖረ ሰው፣ ቀበሌው የማዳበሪያውን፣ የራሽኑንና የድጋፍ ደብዳቤውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ ምን ያህል ሊያስፈራ እንደሚችል ነጋሪ አያሻውም። የደመወዝ መዝገብ መምህሩንም ካድሬውንም እኩል ይከፍላል።

እንግዲህ የአጣብቂኙ ልክ ይህ ነው። በመንግሥት በኩል ከሄደ ሥልጣን ላይ ያለውን ያጠነክራል፣ አልፎም ጠመንጃ የያዘውን ይመግባል። መንግሥትን ዞሮ ከሄደ ደግሞ ከጎኑ ሌላ መንግሥት ይሠራል፤ የራሱ መኪና፣ የራሱ መጋዘን፣ የራሱ ዝርዝር፣ የራሱ የደመወዝ እርከን ያለው። ወረዳው ላይ ከነበሩት ጎበዝ ባለሙያዎች ሁለቱን በሦስት እጥፍ ደመወዝ ይወስዳል። እኔ ለዓመታት ሳየው የኖርኩት ይህንን ነው፤ የወረዳው ምርጥ ነርስ የፕሮጀክት አስተባባሪ ሆና ሪፖርት ትጽፋለች፣ የነበረችበት ክፍል ተቆልፏል።

ደቡብ ሱዳን የዚህኛው መንገድ መጨረሻ የት እንደሚያደርስ ታሳያለች። በሐምሌ 2003 ነፃ ስትወጣ ዓለም ሁሉ ሊያቋቁማት ተረባረበ። ክሊኒኮቿን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሱት የውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ነበሩ፤ የነዳጇ ገንዘብ ግን በብዛት ለሠራዊቱ ነው የዋለው። ሌላው ሕዝቡን ካከመለት መንግሥት ስለ ክሊኒክ ለምን ያስባል? በታኅሣሥ 2006 ሠራዊቱ እርስ በርሱ ተዋጋ። በየካቲት 2009 በሌርና በማየንዲት ረሃብ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን መንግሥት ለውጭ እርዳታ ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ክፍያውን ወደ 10,000 ዶላር እንደሚያሳድግ አስታወቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎቿ ዛሬም ጋምቤላ ውስጥ የእኛው እንግዶች ናቸው።

ሌላው በሽታ የጊዜ ነው። ዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዓመታዊ የልማት ሪፖርት፣ በዘመናችን ፈጥነው የተለወጡ የተባሉ 20 አገሮች እንኳ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው አስልቷል። ወታደሩን ከፖለቲካ ለማውጣት በአማካይ 17 ዓመት፣ የሚሠራ ቢሮክራሲ ለመገንባት 20፣ ሙስናን በቁጥጥር ሥር ለማዋል 27 ዓመት። ፈጣኖቹ ናቸው እንዲህ የሆኑት። ፕሮጀክት የሚባለው ግን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቢሮ በመክፈትና በቅጥር ያልቃል፣ የመጨረሻው በመዝጊያ ሪፖርት። መሀል ላይ አለቃው በሌላ ይተካል። የ27 ዓመት ሥራ በአምስት ዓመት ሲታዘዝ የተሠራ የሚመስል ነገር ማሳየት ግድ ይሆናል፤ መመሪያ ይታተማል፣ አውደ ጥናት ይካሄዳል፣ አርማ ያለበት ሰሌዳ ይተከላል። ሴፍቲኔት ከሌላው የተለየው አንዱ በዚህ ነው፤ ምዕራፍ እየተባለ ቢከፈልም 20 ዓመት ዘልቋል።

ለአገር በቀል ድርጅቶችም ብዙ ቃል ተገብቶላቸዋል። በ2008 ኢስታንቡል ላይ ትልልቆቹ ለጋሾችና ድርጅቶች ከሰብዓዊ እርዳታው ገንዘብ 25 በመቶውን በአራት ዓመት ውስጥ ለአካባቢ ተቋማት ሊያደርሱ ተስማሙ። ቀኑ ሲደርስ በቀጥታ የደረሰው ከ5 በመቶ በታች ነበር።

እዚህ ላይ ጥር 12 ቀን 2017 መጣ። አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲታገድ አዘዙ፤ ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ተዘጋ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ከዚያ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ እርዳታ ከሚያገኙት ግንባር ቀደሟ ነበረች። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ በደብዳቤ አሳወቀ። ብዙዎቹ በኤችአይቪ ሕክምና ላይ የተሰማሩ ናቸው። የሕመምተኛውን መድኃኒት የሚያስታውሱ፣ የቀረውን ደውለው የሚጠይቁ፣ መረጃውን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ጤና ጣቢያ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። በአንዱ ክፍል ደመወዟ በወረዳው ፔሮል ላይ ያለ ባለሙያ ተቀምጣለች። በሚቀጥለው ክፍል ደመወዙ ከፕሮጀክት የሚመጣ ባልደረባዋ አለ፤ ከእሷ የተሻለ ይከፈለዋል፣ ኮምፒውተሩም አዲስ ነው። በታኅሣሥ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። በየካቲት እሷ አለች፣ እሱ የለም። የእሱም ታካሚዎች አሁን የሚሰለፉት በእሷ በር ላይ ነው። ሁለቱም ለዓመታት ያስተዳደራቸው በአብዛኛው የውጭ እርዳታ ሊሆን ይችላል። አንደኛው እርዳታ ግን አልፎ ሲሄድ የሥራ መደብ ትቶ ሄደ።

ፔሮልም የማይናወጥ አለት አይደለም። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች የ17 ወር ደመወዝ ሳይከፈላቸው ቀርቷል። እንደዚያም ሆኖ መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል ውስጥ ያለ ክፍያ ሲያክሙ የከረሙ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ፤ የቆዩት ቦታው የእነሱ ስለሆነ ነው። ይህን የማነሳው የመንግሥትን ጥፋት ለመሸፈን ሳይሆን፣ ደመወዝ ቢቋረጥም የማይበተን ሰው የት እንደሚገኝ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ከሽራሮ በኋላ የተወሰደው እርምጃ፣ መንግሥትን ከመጋዘኑ ማስወጣቱ፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት ልክ ነው እላለሁ። እየተሰረቀ ያለን እህል ለሰረቀው መልሶ ማስረከብ አይቻልም። ለዘለቄታው ግን ስህተት ነው። ዲጂታል ምዝገባው የተከማቸበት ኮምፒውተር የማን ነው? ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መረጃው ወረዳው ዘንድ ይቀራል ወይስ ከድርጅቱ ጋር ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከጆንያው ቁጥር አይተናነስም። ቁጥጥሩ ወረዳውን ለመተካት ሳይሆን ወረዳውን ለማረም ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ስምምነት መንግሥት መቼና በምን መስፈርት ወደ ሥራው እንደሚመለስ የሚገልጽ አንቀጽ ይኖረው ነበር።

ከመንግሥትም የሚጠበቀው ቀላል አይደለም። የእርዳታ እህል በዘረፈ ሰው ላይ የሚደረግ ምርመራ በመግለጫ ተጀምሮ በዝምታ እንዳያልቅ፣ ማን ተከሰሰ፣ ማን ተፈረደበት የሚለው ሕዝብ በሚሰማው አደባባይ ይነገር። በእርዳታ ገንዘብ የሚመጣ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ መንግሥት በጀት የሚሸጋገርበት ዓመት ይጻፍለት። ገንዘብ ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ከ5,000ዎቹ መደቦች የትኞቹን እንደሚያስቀጥሉ ለምክር ቤቱ ያቅርቡ። በየወረዳው ግድግዳ ላይ የነበሩት የበጀት ሰሌዳዎችም ቀለማቸው እንደ አዲስ ይታደስ፤ ቁጥሩም ይለወጥበት።

የቀረው የእኛ ነው። የሴፍቲኔት መመሪያ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ሕዝብ በሚያየው ቦታ እንዲለጠፍ፣ ቅር የተሰኘም በቀበሌው ይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ አቤት እንዲል ይደነግጋል። ይህን የምታነቡ በገጠር ቀበሌ የምትኖሩ፣ ወይም ቤተሰባችሁ እዚያ ያለ፣ በዚህ ሳምንት ዝርዝሩ መለጠፉን እዩ። ካልተለጠፈ ሊቀመንበሩን ለምን እንዳልተለጠፈ ጠይቁት፤ ኮሚቴው ውስጥ ያሉት እነማን እንደሆኑም በስማቸው እንዲነግራችሁ አድርጉ።